ሁለት ደቂቃ ከመርዶው በፊት

ቅናቴን ልደብቅ ብል የሚያውቁኝ ይስቁብኛል። አብሮ አደጌ ክራሩን ሲያነሳ የእኔ ቆሽት ያርራል፣ አለቀ። ቀራንዮ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ሙዚቃም አብረን ጀመርን፤ እንዲያውም መጀመሪያ ጣቱን ኪቦርድ ላይ ያስቀመጥኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ እሱ ወደ ክራሩ ሄደ፣ እኔ የሠርግ ባንድ ውስጥ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሙሽራ ሳስጨፍር ኖሬ፣ በስተርጅና ለፊልም ሙዚቃ ልሠራ ብዬ ብቅ ስል ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? እሱን።

ባለፈው ዓመት ቤቴል፣ ከአንድ ካፌ በላይ ያለ ትንሽ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ለሁለታችንም ደወለልን። ዳይሬክተሯ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። አስቀመጠችንና አንድ ትዕይንት አሳየችን። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጎረቤት ግቢ ተቀምጣ ቅልልቦሽ ትጫወታለች፤ ጠጠሯን ወደ ላይ ትወረውራለች፣ ትቀልባለች። ከአጥሩ ማዶ፣ በእነሱ ቤት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች አንድ በአንድ ይገባሉ። እናቷ ሞታለች። ልጅቷ አልሰማችም፣ አብራት የምትጫወተው ጎረቤት ግን ታውቃለች። መጨረሻ ላይ አክስቷ መጥታ እጇን ይዛ ትወስዳታለች። ሁለት ደቂቃ ነው፣ አንድ ቃል የለውም።

"ሁለታችሁም ሞክሩት" አለች። "ይህን ትዕይንት ያገኘው ሙሉውን ፊልም ይሠራል።"

ሙሉ ፊልም! በአርባ ሦስት ዓመቴ ስሜ ከሙሽሮች ቪዲዮ ውጭ የትም ተጽፎ አያውቅም። ወደ እሱ ዞር ብዬ ሳይ ስክሪኑ ላይ እንደ ፈዘዘ ነው። እርግጠኛ ነበርኩ፣ ዜማው እዚያው መጥቶለታል። ለእሱ ሁልጊዜ እዚያው ይመጣለታል።

ለእኔ አልመጣም። ትዕይንቱን ስልኬ ላይ ጭኜ ከቀራንዮ አየር ጤና ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ጋራዦቹ ጋ ቆሜ መዶሻ ሰማሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ደወል ሰማሁ፣ ምንም። በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት።

"አገኘህ?"

"ኧረ እየፈለግኩ ነው" አለኝ።

ዋሸኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ። እልሁ ነው መሰለኝ ሥራውን ያስጨረሰኝ። ኀዘን ነው አይደል? ትዝታ ቅኝት ያዝኩ። ዋሽንት አስገባሁ፣ ቫዮሊን ደረብኩበት፣ ከሥር የሴቶች ድምፅ ጨመርኩበት። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ሰምታ እያለቀሰች መጣች። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ቀኑ ደርሶ ቤቴል ተገናኘን። የእኔ ቀድሞ ተሰማ። ሥዕሉን የሚሠሩት ልጆች ሶፍት መቀባበል ጀመሩ። እኔ አብሮ አደጌን በጎን እያየሁ ነበር፣ ሲያዝን እንዳያመልጠኝ። ሲያልቅ ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ በጣም ያምራል። ግን ልጅቷ እኮ ገና አልሰማችም። ሙዚቃህ ከሰው ቀድሞ መርዶ ነገራት።"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ያደግንበት ግቢ ውስጥ ስንት መርዶ አይቻለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ ተማክሮ፣ ነጋሪው እስኪናገር ማንም ትንፍሽ አይልም። እንባው የመጣበት ከአጥር ውጭ ይቆያል እንጂ አይገባም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ሰከንድ ዋይ ዋይ አስብያለሁ።

ቀጥሎ የእሱ ተሰማ። ክራር ብቻ። ኀዘን የሚባል የለበትም፤ ቀለል ያለች፣ የልጅ ዜማ። ጠጠሩ ወደ ላይ ሲወጣ ትቆማለች፣ ሲወርድ ትቀጥላለች። መጨረሻዋ ላይ ልትደርስ ስትል ማለቁን እንደ ፈራ ሰው ወደ መጀመሪያዋ ትመለሳለች። ደግሞ ትደርሳለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። አክስቲቱ እጇን ስትዘረጋ ተቋረጠች። ማንም ሶፍት አላነሳም። ዳይሬክተሯ ግን ብድግ ብላ ወደ በረንዳው ወጣች፣ እስክትመለስም ብዙ ቆየች።

ከአንገት በላይ "እንኳን ደስ ያለህ" አልኩት። በሆዴ ግን "እጅህ ይድረቅ" ብያለሁ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ያቺን ዜማ አውቃታለሁ! የት እንደሆነ እንጃ እንጂ በእርግጥ ሰምቻታለሁ። ሰርቋል ማለት ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ የታክሲ ፌርማታው ጋ ደረስኩበት።

"ስማ፣ ዜማውን ከየት አመጣኸው? የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።"

ደንግጦ አየኝ። "ረሳኸው እንዴ?"

"ምኑን?"

"አባቴ የሞተ ቀን ነዋ! ከትምህርት ቤት ስንመለስ እናትህ ወደ ጓዳ ጠርታ የሆነ ነገር አንሾካሾከችልህ። ከዚያ ወጥተህ 'ና ብይ እንጫወት' አልከኝ። እስኪጠሩኝ ድረስ እሷን ዜማ ስታፏጭ ነበር። ልትጨርሳት ስትል ትመለሳለህ፣ ልትጨርሳት ስትል ትመለሳለህ። ብዮችህን ሁሉ በላሁህ። አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ወደህ ተሸንፈህ አታውቅም። ያኔ ነው የገባኝ።"

አሥር ዓመታችን ነበር። የእናቴ መዳፍ አፌ ላይ ትዝ አለኝ። "ትንፍሽ እንዳትል፣ አጫውተው" ነበር ያለችኝ። አፌ ሥራ ከፈታ እንደማለቅስ ስለማውቅ አፏጨሁ። ዜማ መሆኗን እንኳን አላወቅኩም ነበር።

"ከገባህ ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ማፏጨትህን እንዳታቆም።"

ረዳቱ "አየር ጤና፣ አየር ጤና" እያለ ይጮኻል፤ ሁለታችንም አልተሳፈርንም። ቆይቶ "በክራር በደንብ አልወጣችልኝም፤ ፉጨት ነው የምትፈልገው። ናና አፏጭልኝ" አለኝ።

በሳምንቱ ስቱዲዮ ገብቼ አፏጨሁለት። ስክሪኑ ላይ የአክስቲቱ እጅ ሲዘረጋ ማቆም ነበረብኝ። አልቻልኩም፣ ወደ መጀመሪያዋ ተመለስኩ። መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ያኔ አቆምኩ።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ "ሙዚቃ" ከሚለው ሥር የእሱ ስም አለ። የእኔ ዝቅ ብሎ ነው፣ "ፉጨት" ይላል። አሁንም እቀናለሁ፣ አልዋሽም። እሱ የእኔን ዜማ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዞልኝ ኖሯል። እኔ የእሱን ምን ይዤ እንደቆየሁ ባስብ ባስብ፣ ከቅናቴ በቀር ያገኘሁት ነገር የለም።