የጥቁሯ መኪና ፎጣዎች

ፎጣ የምመርጠው በጉንጬ ነው። እጅ አይታመንም፤ በተለይ መሪና ክሪክ ያደነደነው የሾፌር እጅ ሻካራውንም ለስላሳ ነው ብሎ ይዋሻል። ፎጣውን አጥፌ ከዓይኔ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ላይ ጫን አደርገውና ወደ ታች እስበዋለሁ። ቆዳዬን ከቧጠጠ የመኪናውንም ቀለም ይቧጥጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አዋሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሾፌር ነበርኩ፤ ያስረከቡኝም ጥቁር ፔጆ ነበረች። ጥቁር መኪና ደግሞ የበደሏትን ሁሉ ፊቷ ላይ ይዛ የምትዞር ናት።

ዛሬ አስፋልት ለብሶ የምታዩት መንገድ ያኔ አብዛኛው አሸዋ ነበር። በታቦር ተራራ በኩል ነፋስ ሲነሳ የሚመጣው አቧራ እንደ ሌላ አገር አቧራ አይደለም፤ በጣት መሀል ሲያሹት ይንኮሻኮሻል። ያንን በደረቅ ጨርቅ የጠረገ ሰው መኪናውን በብርጭቆ ወረቀት እንደፈገፈገ ይቁጠረው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ፣ ብዙ ውሃ፣ ከላይ ወደ ታች። ከዚያ ማጠቢያው ይገባል፤ ወፍራም፣ ክሩ ረዘም ያለ፣ አሸዋውን ሆዱ ውስጥ የሚይዝ ፎጣ። ማድረቂያው ግን ያረጀ መሆን አለበት። አዲስ ፎጣ ውሃውን አይጠጣም፣ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል፤ ብናኙንም መስታወቱ ላይ አራግፎ ይሄዳል። መወልወያው ጭራሽ ፎጣ ባይሆን ይመረጣል። ከብዙ ዓመት እጥበት የተረፈ ጋቢ፣ ጥለቱና ስፌቱ ተቆርጦ የወጣለት፣ እሱ ነው ቀለም የሚያወጣው። ጎማ የነካ ጨርቅ የመኪናዋን አካል መቼም አይነካም፤ እሱን ጫፉን ቋጥሬ ለብቻው አስቀምጠው ነበር።

በዚያን ጊዜ ደግሞ ፎጣ ሱቅ ገብቶ የሚያማርጡት ነገር አልነበረም። የቀበሌ ሱቅ የመጣለትን ይሰጣል፣ አንተም የደረሰህን ትወስዳለህ። እኔ የምሄደው ሐይቁ ዳር ወዳለ ሆቴል ጓሮ ነበር። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ከአገልግሎት የወጡትን ፎጣዎች ከመቀደዳቸው በፊት ያስመርጡኛል። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ጉንጬ ላይ ስስብ ያዩኝና ይስቃሉ።

«ልጄ፣ ለሚስትህ ቢሆን ነው እንጂ እንዲህ የምትመርጠው» አሉኝ አንድ ቀን።

«ለመኪና ነው፣ እትዬ።»

«ለመኪና! ሚስትህስ?»

ሚስቴ ከጎባ ወዲያ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ፣ አስተማሪ ነበረች። የተመደበችው እዚያ ነው። ሴት ልጃችን የተወለደችው እዚያ ነው፤ ጥርስ ያወጣችውም፣ በእግሯ የሄደችውም እዚያ ነው፤ እኔ ሁሉንም በደብዳቤ ነው የሰማሁት። እነሱ ባሉበት ከተማ ለሾፌር ክፍት ቦታ ነበር፤ የሚቀረው የኔ ኃላፊ ፊርማ ብቻ ነበር። ይህንን ለሴትዮዋ ስነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙና ከጀርባቸው ካለው ክምር ሁለት ጥሩ ጥሩ ፎጣዎች ጨመሩልኝ።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እሱን ጠልቼ ይወጣልኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በሩ ፊት ይቆምና የካኪ ኮቱን ኮሌታ ያስተካክላል። በሩ መስታወቱ ነበር። የዝውውር ማመልከቻዬን ይዤ ስገባም ከራሱ ጋር የሚነጋገር ይመስል አልፎ አልፎ በመስኮቱ ወደ መኪናዋ እያየ ነበር ያነበበው።

«ጓድ፣ ቤተሰብ ያለው አንተ ብቻ ነህ?»

«አይደለም፣ ጓድ ኃላፊ።»

«እሺ። እኔ ሰው አልከለክልም። ይህቺን መኪና እንዳንተ አድርጎ የሚይዝ ሰው አምጣና በማግሥቱ ሂድ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሞኝ ነበርኩ። በቀጥታ የሄድኩት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ላንድሮቨር ወደሚነዱት አንጋፋ ሾፌር ነው። የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ አማርኛን ካደጉ በኋላ ነው የተማሩት፤ ለማሾፍ ግን ከማናችንም በላይ ይበቃቸዋል። ላንድሮቨራቸው ከበር እስከ ጣሪያ ጭቃ ነበረች፤ የሰሌዳዋን ቁጥር በግምት ነው የምናነበው።

«ጋሼ፣ ፔጆዋን እርስዎ ቢወስዷት» አልኳቸው። «አያያዙን ሁሉ አሳይዎታለሁ።»

ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ማን እንደ መስታወት አብራ አለህ? እኔ ስንት ዓመት ነዳሁ፣ አንድ ቀን አላበራሁም። ኃላፊ የኔን መኪና ያያል፣ ፊቱን ያዞራል። ፈቃድ ስጠይቅ ቶሎ ሂድ ይለኛል። ቡና ለመልቀም ሄድኩ፣ ለቅሶ ሄድኩ፣ ልጅ ልድር ሄድኩ። አንተ የት ሄድክ?»

የትም አልሄድኩም። ያን ቀን ነው መሥሪያ ቤቱን ዞር ብዬ ያየሁት። ሾፌሮቹ በሙሉ መኪናቸውን አሳምረው ማጠብ ይችላሉ፤ ግን አንዳቸውም አያጥቡም። ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉም አውቆ ነው። የሚያብለጨልጭ መኪና ያለው ሾፌር ኃላፊ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ኃላፊ ዓይን ውስጥ የገባ ደግሞ መውጫ የለውም። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ጋቢዬን አጣጥፌ በሁለት እጄ ስወለውል ከርሜያለሁ።

ለምኜ ለምኜ ጋሼ አንድ ቅዳሜ ሊሞክሩ እሺ አሉኝ። ፎጣዎቹን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ጉንጫቸው ላይ እንኳ አስሞከርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ከዚያ ማድረቂያውን ሳሙና ውስጥ ነከሩት፣ መወልወያውን ጎማ ላይ አሳረፉት፣ መኪናዋን ጥርት ካለ ጥቁር ወደ አመድ ለወጧት። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው በሩ ፊት ቆመ፣ ኮሌታውን ፈለገ፣ አጣው። ቁልፉን መልሶ ለኔ ሰጠኝ። ጋሼ በኋላ ጥግ ይዘውኝ «ይቅር በለኝ» አሉ። «እኔም ልጆች አሉኝ።» ልቆጣቸው ፈልጌ አልቻልኩም፤ እውነታቸውን ነበር።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን ባበላሽ ይለቀኛል ብዬ በራሴ ላይ ተነሳሁ። አንድ ከሰዓት ጫፉ የተቋጠረውን የጎማ ጨርቅ አነሳሁና ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩት። አንድ ጊዜ ብቻ አዞርኩት። አሸዋው ሲንኮሻኮሽ በክርኔ በኩል ተሰማኝ፤ እጄ እምቢ አለና ቆመ። የተረፈው ሳህን የሚያህል ክብ ጭረት ነው።

በማግሥቱ ኃላፊው ጭረቱን በጥፍሩ ዳሰሰው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጓድ፣ የመንግሥት ንብረት ላይ የሚፈጸም አሻጥር የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሰምቼ አውቃለሁ። በዚያ ቃል ተጠርተው የሄዱና ሚስቶቻቸው በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ የከረሙ ሰዎች ነበሩ። እሱ ፈገግ እያለ ነው የተናገረው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰም በላምባ አቅልጬ፣ በዚያ ባረጀ ጋቢ፣ በጣቴ ጫፍ፣ ትንሽ በትንሽ አሸሁት። በሦስተኛው ቀን ጭረቱ ጠፋ፤ ሰማዩ ኮፈኑ ላይ ወረደ። ደስ አለኝ። ፈርቼ የጀመርኩትን ሥራ እየኮራሁ ጨረስኩት፤ ሰው አይቶልኝ እንደሆነ እንኳ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ያ ኩራት ነው። ኃላፊው ማመልከቻዬን ባለመፈረሙ ይዞኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከውስጥ በኩል ቆልፌለት ነበር።

ክረምት ሲገባ ትምህርት ተዘጋና ሚስቴ ልጃችንን ይዛ ልትመጣ ሆነ። ካየኋቸው ዓመት ከሦስት ወር አልፎ ነበር። መናኸሪያ ሄጄ ልቀበላቸው ቀን ስቆጥር ከርሜ፣ በዚያው ዕለት ስብሰባ ተጠራ፤ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተዋል፤ መኪናዋ አዳራሹ ደጅ ላይ ተወልውላ መቆም አለባት፣ እኔም ከጎኗ። የት እንደምቆም ለጎረቤት መልእክት ትቼ ሄድኩ። ካፊያ ጥሎ ስለነበር ጠብታው እድፍ ሳይሆን በፊት እያደረቅሁ ነበር።

ጋሪ አዳራሹ ፊት ቆመ። ሚስቴ ወረደች፤ ከስታለች። ቀጥላ ልጅቷን አወረደች፤ ቢጫ ሹራብ የለበሰች፣ ሻሸመኔ ላይ የተገዛላትን ብርቱካን የምትመጥ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ። «ይኸውልሽ፣ አባዬ» አለቻት ሚስቴ። ልጅቷ ሮጠች። ዝቅ ብዬ እጆቼን ዘረጋሁ። እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ወደ መኪናዋ ሄደች፤ በሩ ውስጥ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሌላ ልጅ ስትመጣ አይታለች። ሁለት መዳፏን በብርቱካን እንደራሰ በሩ ላይ ለጠፈችው።

«አትንኪ!»

የጮህኩት እኔ ነኝ። የአዳራሹ ዘበኞች ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ጨርቁን ይዤ ተንበርክኬ ነበር፤ መጀመሪያ በርጥቡ፣ ቀጥሎ በደረቁ፣ ከዚያ እንደ ልማዴ በስሱ እፍ ብዬ ወለወልኩት። መዳፎቿ ትንንሽ ነበሩ፤ አምስቱም ጣት ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር። ምንም ሳይቀር አጠፋሁት።

«ጨረስክ?» አለች ሚስቴ ከኋላዬ።

ያኔ ነው ልጄን ያቀፍኳት። አላለቀሰችም፤ እንደ እንጨት ደርቃ ታቀፈችልኝ። ሁለት ወር አዋሳ ቆዩ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ እኔ አጠገብ በቆመች ቁጥር ልጅቷ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ታጣምር ነበር፤ ቤት ውስጥም፣ መኪና በሌለበት።