በቁሜ የተለቀሰልኝ ቀን

በጃንሆይ ዘመን፣ ግምጃ ቤት በምትባል ትንሽ ከተማ ወጣት ልብስ ሰፊ ሳለሁ የደረሰብኝ ነው። ቀኝ እግሬ ብርድ ሲነካው ዛሬም ይጠዘጥዘኛል፤ ያን ጊዜ ያ የዳንግላ ሜዳ ይመጣብኛል።

ከቆሰበር ወደ ዳንግላ በሚሄድ የጭነት መኪና፣ ኑግ በሞሉ ጆንያዎች ላይ ተሳፍሬ ነበር። ነፋስ ልቀበል ብዬ ጫፉ ላይ መቀመጤ ሞኝነቴ! ዳንግላ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለ። መኪናው ተገለበጠ። ስነቃ የጭኔ አጥንት ተሰብሮ ወጥቷል፤ ደሙ አልቆም ብሏል።

በአቅራቢያው የሚያርሱ ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከተማ አደረሱኝ። ከፊት የተሸከሙኝ አያ ፈንቴ የሚባሉ ጎልማሳ ነበሩ። በከተማው ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር እግሬን አጥብቆ አሰረና «እዚህ ከዋለ ይሞታል» አላቸው፣ እኔው እየሰማሁ። ስልክ ተደውሎ በሽተኛ የምትጭን ትንሽ አውሮፕላን ተጠራች።

ከከተማው ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ አስተኝተውኝ ስንጠብቅ አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አውሮፕላኗ ብቅ ስትል ሰዉ ጋቢውን እያውለበለበ «እዚህ ነው! እዚህ ነው!» ብሎ ወደ መሃል ጎረፈ። ለእኔ ብሎ ነው። አውሮፕላኗ ዝቅ አለችና ሰው እንዳትጨርስ ተመልሳ ወጣች። ሁለተኛም እንደዚያው። ድሬሰሩ ቢለምን፣ ፖሊሱ ቢቆጣ የሚሰማ ጠፋ። ደመናም እየመጣ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሳታርፍ ስትነሳ ተስፋዬ ተቆረጠ። ጣቶቼ በረዱ። እናቴን ሳላያት ልሞት ነው ብዬ አለቀስኩ።

አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ልጄ፣ ዝም በል፤ እንዳትንቀሳቀስ» አሉኝ። ጋቢያቸውን ፊቴ ላይ ጣሉና በአገውኛም በአማርኛም ጮኹ። «ወዮ! ልጁ አለፈ! ወደ ቤተ ክርስቲያን አንሱት!»

ሜዳው ለቅሶ በለቅሶ ሆነ። ቃሬዛዬ ሲነሳ ሕዝቡ በሙሉ ተከተለ። ጋቢው ስር ሆኜ ሴቶቹ በወጣትነቴ መቀጨቴን እያነሱ ሲያለቅሱልኝ እሰማለሁ። እውነትም የሞትኩ መሰለኝ። ልጮህ ፈለግሁ፤ ድምፅ አልነበረኝም። ጥቂት እንደሄድን ሜዳው ባዶ ቀረ፤ በላያችን ስትዞር የቆየችው አውሮፕላንም ከኋላችን አረፈች። አያ ፈንቴ ቃሬዛውን አስመልሰው ወደ እሷ ሮጡ።

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ ትንሽ ብዘገይ ኖሮ እንደማልተርፍ ነገረኝ።

ከወራት በኋላ በምርኩዝ እየተደገፍኩ ልጠይቃቸው ሄድኩ። «ያልሞተውን ሞተ ብለሃል ብለው ንስሐ አባቴ ስግደት አዘዙብኝ» አሉኝ እየሳቁ። «ያንተንም ድርሻ እኔው ሰግጄልሃለሁ፤ በዚህ እግርህ የት ትችለዋለህ!»

አያ ፈንቴ ካረፉ ቆይተዋል። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔን ከአስከሬናቸው ጋቢ ላይ አላነሳሁም። ከጋቢው ስር የእሳቸውን ትንፋሽ እፈልግ ነበር። አፈር እስኪለብሱ ድረስ ሞታቸውን አላመንኩም፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም አላምንም።