ዕቃ ቤት ገብቼ የጻፍኩት ቃል

በመንዝ አንዲት ወረዳ በኮንስታብልነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሳጅኑ የአቤቱታ መዝገቡን አስረክበውኝ ምሳ ወጡ። ክፍሉን ባለጉዳይ ሞልቶታል።

የበግ ጠጉር ፈትላ የምትተዳደር ዘነበች የምትባል ሴት ቀረበችና፣ ከገበያ ስትመለስ ጎረቤቷ መንገድ ላይ ጠብቆ እንደደፈራት በሹክሹክታ ነገረችኝ። በጎች ተሰርቀውባቸው የመጡ ጋሽ ተክሌ የሚባሉ አዛውንት ከኋላዋ ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ «በዚያ መንገድ ብቻሽን ምን ወሰደሽ?» አሏት።

«ጋሽ ተክሌ፣ በጎችዎን ምን መስክ አወጣቸው ብዬ ጠየቅሁዎት እንዴ?» አልኳቸው።

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። «እውነትሽን ነው። በይ፣ እሷን አስቀድሚ» አሉኝ።

ዘነበችን ዕቃ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ቃሏን በራሷ አነጋገር ጻፍኩ፣ አነበብኩላት፣ ፈረመች። ወዲያው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ስመለስ የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተሩ ጠሩኝ። «ዕቃ ቤቱን ማን ፈቀደልሽ?»

«በሩ የሚዘጋ ክፍል እሱ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።»

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ተጠርጣሪው በተያዘ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። «የዕድር ዳኛ ነው፣ ጨዋ ሰው። የእሷም ስም እንዳይነሳ ነገሩ በእርቅ ይለቅ» አሉ። ይህን በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ሰማሁት! የእሱ ስም ጥሩ ስለሆነ ይታመናል፤ የእሷ እንዳይጠፋ ዝም ትበል ይባላል። ኢንስፔክተሩ «መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ደርሷል» ብለው ሸኟቸው።

ጋሽ ተክሌም ለሽምግልናው ተለምነው ነበር አሉ። «መጀመሪያ እሱ አጥፍቻለሁ ይበል» ብለው ቀሩ።

ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ እስራት ፈረደበት። ዘነበች ግን ወሬውን ፈርታ ገበያ መውጣት ትታ ነበር፤ ፈትሏን የምትሸጥላት እናቷ ነበረች። ከፍርዱ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ዳር ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ ከፈታዮቹ አንዷ፣ «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ቦታሽን ስንጠብቅልሽ ከረምን እኮ» ብላ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ተጠጋግተው መሀላቸው አስቀመጧት። እኩለ ቀን ሳይሆን ፈትሏ አለቀ፤ የእኔን መሄድ ልብ አላለችውም።

ዛሬ ዋና ሳጅን ነኝ፤ አዳዲስ ኮንስታብሎችን አለማምዳለሁ። እንዲህም እላቸዋለሁ፦ የሰው አመለካከት በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ሥራችን ግን እስኪለወጥ አይጠብቅም። የተጎጂዋን ቃል ሳታቋርጡ ጻፉ። የሚመረመረው ተጠርጣሪው ነው።