ተመልምሏል

ያን ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ መማርን «ነፃ የትምህርት ዕድል» ይሉት ነበር። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለዚያ ዕድል ተፈትኖ ነበር። ካለፈ የሚማረው ከነፋስ መብራት ማውጣት ነው፤ ያውም ምሥራቅ ጀርመን። ጎረቤቶቻችን ሳቁበት። «ነፋስ ፍለጋ ፈረንጅ አገር? እዚህ ጓሳ ሜዳ ላይ ምን አነሰህ?» ይሉት ነበር። እሱ ግን የቤታችንን ክዳን በየዓመቱ የሚገፈው ያ ክፉ ነፋስ አንድ ቀን ቤታችንን እንደሚያበራ ያምን ነበር። እኔም አመንኩት።

አንድ ጠዋት የገበሬ ማኅበሩ ተላላኪ ከደጃችን ቆሞ እናቴን ተጣራ።

«እማማ፣ ልጅዎ ተመልምሏል! ቶሎ አውራጃ ይቅረብ!»

«ልጄ ቆላ ወርዷል፤ መቼ እንደሚመለስም አላውቅ» አለችው። ወንድሜ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ይሰማ ነበር።

እኛ ዘንድ የተመለመለ ሰው የሚሄደው ጦር ሜዳ ነው። ተማሪ ያልፋል ወይም ይወድቃል እንጂ ይመለመላል ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል? ወንድሜ ራሱ አልጠረጠረም። በዚያው ዕለት መርሐቤቴ ቆላ፣ ቄሱ አጎታችን ዘንድ ወረደ።

ሰንብቶ የወንድሜ መምህር እናቴንና እኔን ቀየት ገበያ ላይ አገኙን።

«ምነው ልጁን ደበቃችሁት? ለትምህርት እኮ ነው የተመለመለው! ጠብቀው ጠብቀው ሲቀር ለተጠባባቂው ሰጡት» አሉ።

እናቴ እዚያው ጨው ከሚሸጥበት መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ የተናደድኩት በቃሉ ነው። ለጦርም ለትምህርትም አንድ ቃል የሚበቃው ምን ዓይነት መንግሥት ነው? እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ወንድሜ ተመልሶ መጣ። እናቴን አንድ ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በዓመቱ ለብሔራዊ ውትድርና ብለው ከዚያው ገበያ አፍሰው ወሰዱት። ሰሜን ቀረ። መርዶው የመጣ ዕለት እናቴ ያለቀሰችውን ልቅሶ አልጽፈውም፤ አልችልም።

ከዓመታት በኋላ መምህሩ ሊጠይቁን ቤታችን ጎራ አሉ። እናቴ ሌላ ወሬ አላስጀመረቻቸውም።

«ያ በልጄ ፋንታ የሄደው ልጅ ተምሮ ገባ?»

«ገብቷል፤ ደኅና ነው።»

«እናቱ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እሰይ!» አለች እናቴ። «እንኳንም አንዳችን ልጃችንን አገኘን።»