ከቅጥሩ ውጭ የቆፈርነው ምሽግ

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከደባርቅ በስተሰሜን፣ መንገዱ ወደ ዛሪማ ቁልቁል መጠምዘዝ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ከፍታ እንድንይዝ፣ ተፈናቃዩና ቁስለኛው ወደ ዳባት እስኪያልፍም እንዳንለቅ ታዘዝን። ስንት ቀን እንደምንቆይ የነገረን የለም። አንድ ጓድ ነበርን፤ አሥራ አንድ ሰው። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጭጋጉ ከመክበዱ የተነሳ ከፊት ያለውን ሰው የምንለየው በሳሉ ነበር።

የጓዱ መሪ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔ አስር አለቃ ነበርኩ፣ የእሱ ምክትል። ብሬን የተባለውን መትረየስ የሚተኩሰው ጌጡ የዳባት ልጅ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሲበላም ሲጓዝም ይቀልዳል፤ መሣሪያው ላይ ሲሆን ግን አፉ አይከፈትም።

ከፍታው ላይ ስንወጣ የኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አገኘን። ዙሪያዋን የሰው ቁመት የሚያህል የድንጋይ ካብ አጥሯታል። መንገዱ ከሥሯ ወለል ብሎ ይታያል። ጌጡ አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየና ብሬኑን ካቡ ላይ አሳረፈ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ከዚህ የተሻለ ምሽግ በሳምንት ቆፍረን አናገኝም» አለ።

እውነቱን ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከዕቃ ቤቱ ወጡ። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ መርሻ ናቸው። እንኳን ደህና መጣችሁ ብለው መስቀል ካሳለሙን በኋላ ደምሴንና እኔን ይዘው የቤተ ክርስቲያኗን በር ከፈቱ። ቅኔ ማኅሌቱ በሰው ተሞልቷል። መሸሽ ያልቻሉ አዛውንቶች፣ ሕመምተኞች፣ ሕፃናት ያቀፉ ሴቶች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አራት አራሶች ተኝተዋል፤ ቀናቸው ስላልሞላ ቤተ ክርስቲያን መግባት አይችሉም።

«ልጄ» አሉት ደምሴን፣ «ከዚህ ከተተኮሰ መልሱም ወደዚሁ ነው የሚመጣ። የማዝህ አይደለሁም። የጦሩን ነገር የምታውቅ አንተ ነህ። እኔ መለመን ብቻ ነው የምችል።»

 ደምሴ ወጥቶ በስተምሥራቅ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለውን ጉብታ አየ። ዛፍ የለው፣ ቁጥቋጦ የለው።

«እዚያ እንቆፍራለን» አለ።

የጌጡ ፊት ተለወጠ። «እዚያማ መቃብራችንን ነው የምንቆፍረው። እኛንስ እግዜር አያየንም?»

«ያየናል» አለ ደምሴ። «ስለሚያየን ነው።»

 ጌጡ ብሬኑን አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገና ከሁላችንም ቀድሞ ወረደ።

መሬቱ ቋጥኝ ነው። እስከ ጉልበታችን ቆፍረን ከዚያ በላይ አቃተን። የቀረውን ድንጋይ ከመርንበት። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባ መርሻ የተቀቀለ ድንች በቁና አስይዘው መጡ። በየተራ ተንበረከክን፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» እያሉ ባረኩን። ጌጡ መጨረሻ ቀረበ።

«አባ፣ እኔ ተቆጥቻለሁ» አላቸው።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ ልጄ» አሉት። «ተቆጥቶም ፈርቶም መጸለይ ይቻላል።»

በማግሥቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጭጋጉ ተገለጠ። ወዲያው ሞርታር ጀመረ። ከጓዶቼ ካሳና ይርጋ በመጀመሪያዎቹ ቅንቡላዎች ሞቱ። ሦስት ሰዓት ላይ ከዛሪማ በኩል እግረኛ ጦራቸው መጣ። መለስነው። አምስት ሰዓት ላይ እንደገና መጣ። ደምሴ አንገቱ ላይ ተመትቶ ሞተ። ጓዱን እኔ ተረከብኩ። ሬዲዮ የያዘው ሙላት ሆዱን ቆሰለ። ስድስት ሰዓት ገደማ ብሬኑ ዝም አለ። በደረቴ ተስቤ ስደርስ ጌጡ በጀርባው ተጋድሟል።

«ቤተ ክርስቲያኗስ?» አለኝ።

ዞሬ አየሁ። «አለች» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ብሬኑን እኔ ያዝኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ረዳት ጦር ደረሰልን። ሙላት ደባርቅ ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

አስከሬኑን ወደ ኪዳነ ምሕረት መለስነው፤ የአምስቱን መቃብር የቆፈሩት እዚያ ተጠልለው የነበሩት አዛውንቶች ናቸው። አባ መርሻ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ጠየቁኝ። የአራቱን ነገርኳቸው። የጌጡን አላውቅም ነበር። እርሳቸውም እናቱ ባወጡለት ስም ጸለዩለት። ሲጨርሱ የተቆለለው አፈር አጠገብ ተቀመጡ።

«በእምነት ለመንኳችሁ» አሉ። «የከፈላችሁት ግን እናንተ ናችሁ። እኔ ይኸው አለሁ።»

 አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

የጌጡ እናት እማማ የሺ ዳባት ነው የሚኖሩት። ሄጄ የልጃቸውን የክርስትና ስም መጠየቅ ነበረብኝ። ሁለት ዓመት ፈራሁ። ከሠራዊቱ ከወጣሁ በኋላ ነው የሄድኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካቡን፣ ጉብታውን፣ እሱ ለመውረድ አለመፈለጉን፣ ግን ቀድሞ መውረዱን።

«ካቡ ውስጥ ብትሆኑ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ሊተርፍ ይችል ነበር፣ እናቴ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።  ቆይተው «ውስጥ የነበሩትስ?» አሉ።

«ሁሉም ተርፈዋል።»

«አራሶቹም?»

«አራሶቹም።»

«እንግዲህ ከእመቤቴ ጋር የምነጋገረው አለኝ» አሉ። «አላማርራትም አልልህም፤ አማርራታለሁ። ግን ከደጇ አልቀርም። ክርስትናው ኃይለ ገብርኤል ነው። ለቄሱ ንገርልኝ።»

በሳምንቱ ከደባርቅ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ለአባ መርሻ ነገርኳቸው።

ከአሥራ አንዳችን አምስት ሞተዋል፤ ካሳ፣ ይርጋ፣ ደምሴ፣ ጌጡ፣ ሙላት። ቁልቁለቱ ላይም ከወዲያኛው ወገን ብዙ ወድቆ ነበር። የብዙዎቹ አንገት ላይ እንደ እኛው ማዕተብ አይቻለሁ። የእነርሱን የክርስትና ስም የጠየቀን ግን አልነበረም። ይህም ይከብደኛል።

ይህን የምተርክላችሁ ልጆች፣ ያመነን ሰው ጥይት ይስተዋል ብዬ አልነግራችሁም። አልሳተንም። ደምሴም እንደማይስተን ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። በአምላኩ ላይ ምን ተማምኖ ያን ራቁት ጉብታ እንደመረጠ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ጊዜ አልሰጠንም። ልክ ነበርን ለማለት አልደፍርም። ዛሬ ቢያዘኝ ግን አብሬው እወርዳለሁ።