የሄልሚ ክራንቤሪና ጨዋው ድብ

በመንደሩ ውስጥ እንደ ሄልሚ ባል መቃብር የተጠረገ መቃብር አልነበረም። መኸር ገብቶ የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ፣ ሄልሚ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ መጥረጊያና ሻማ ከላይ ጣል አድርጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትወጣለች። ሰው ካገኘች፣ «ሟቹን ልጎበኝ ነው» ትላለች። ከዚያ ከመቃብሩ ጀርባ አጥሩን ተሻግራ፣ በጥዱ ጫካ ዞራ ረግረጉ ውስጥ ትገባለች። ክራንቤሪ የሚባለው ቀይ፣ ኮምጣጣ የረግረግ ፍሬ የሚለቀምበትን ቦታ ማንም ለማንም አይናገርም። የሄልሚ እናት እንኳ ቦታውን የነገረቻት ልትሞት ስትል ነው፤ ያውም ቄሱ ከክፍሉ እስኪወጡ ጠብቃ።

ዘንድሮ የልጅ ልጇ ማሪካ ቅዳሜ ታገባለች። ሄልሚም በሰው ፊት፣ «የሠርጉን ኬክ በክራንቤሪ እኔ እጋግራለሁ!» ብላለች።

ጎረቤቷ ቫይኬ ሰምታ ዝም አላለችም። «ክራንቤሪ ከኮመጠጠ ጎመንና ከአሳማ ሥጋ ጋር ነው የሚያምረው። አንቺ በስኳር ቀብረሽ ትገድዪዋለሽ።»

«ካንቺ ጎመን ውስጥ ከመግባት መሞት ይሻለዋል» አለች ሄልሚ። እንዲህ ሲባባሉ አርባ ዓመታቸው ነው።

ማሪካ ግን የአያቷ ጉልበት አሳስቧታል። «አያቴ፣ ይቅርብሽ፤ ከከተማ የታሸገ ላምጣ።»

«የታሸገ? እንግዲያውስ ሙሽራውንም አሽገው ይላኩልሽ!»

ሐሙስ ጠዋት ሄልሚ ከቦታዋ ደረሰች። እንደየዓመቱ ግማሹ ተለቅሞ ጠበቃት። አልተናደደችም። የድብ ሥራ መሆኑን ታውቃለች፤ ድብም ነፍስ አለው። ግማሹን ስለሚተውላትም በየዓመቱ አንድ ጥቁር ዳቦ ጉቶ ላይ ታስቀምጥለታለች። ዳቦው አድሮ አያውቅም።

ባልዲው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እግሯ ከዳት። ማጡ እስከ ወገቧ ዋጣት። ባልዲውን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ያዘችና አሰበች። ብትጮህ ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ቦታው ታወቀ። ስለዚህ አልጮኸችም። ብርዱ ደረቷ ጋ ሲደርስ ግን የማሪካ ሠርግ ለቅሶ ሊሆን መሆኑ ታያት፤ ቅዳሴ መሀል እንደሚያወራ ሰው በለሆሳስ፣ «እርዱኝ» አለች።

«ጮክ በይ እንጂ፣ አልሰማሁም!» አለ አንድ ድምፅ ከቁጥቋጦው ጀርባ።

ቫይኬ ነበረች፤ በእጇ ሙሉ ባልዲ ይዛለች።

«መጀመሪያ ዓይንሽን ጨፍኚ!» አለች ሄልሚ።

«ለምን?»

«ቦታውን እንዳታዪው።»

«አርባ ዓመት ያየሁትን ቦታ?» ቫይኬ ረጅም እንጨት ዘረጋችላት። «ደግሞስ ግማሹን ለባልንጀራው የሚተው ድብ የት አገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሄልሚ ማጡ ውስጥ እንዳለች ፊቷ እንደ ፍሬው ቀላ። «ዳቦውስ?»

«በላሁት። ጨው ያንሰዋል። ልነግርሽ ፈልጌ፣ ራሴን ሳላጋልጥ በምን በኩል ልንገርሽ? በይ ባልዲውን ልቀቂና እንጨቱን ያዢ!»

«አለቅም!»

«ሴትዮ፣ ኬኩን ማን ሊጋግረው ነው?»

ሄልሚ ለቀቀች። ቫይኬ እየጎተተች፣ እየተሳደበች አወጣቻት። ፍሬው ግን በጥቁሩ ውኃ ላይ ተበተነ። ሄልሚ በጭቃ እንደተለወሰች ጉቶው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በሰው ፊት የገባችው ቃል ነበር።

ቫይኬ የራሷን ባልዲ በመሀላቸው አስቀመጠች። «ግማሹ ለኬክሽ። ግማሹ ለጎመኔ። ሁለቱም ሠርጉ ላይ ይቀርባሉ።»

«በማሪካ ሠርግ ላይ ጎመን?»

«ካልሆነ ኬክም የለም።»

ቅዳሜ ዕለት ኬኩም፣ ጎመንና ሥጋውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ዋሉ። ሙሽራው ከሁለቱም አነሣና የሥጋውን መረቅ ኬኩ ላይ አፈሰሰ፤ ቀመሰና፣ «እንዲህ አብረው ነው የሚጣፍጡት» አለ። ሁለቱ አሮጊቶች እኩል ተቀየሙት። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ።

በዓመቱ ውርጭ ሲወርድ ሄልሚ ጨው የጨመረችበትን ዳቦ ባልዲዋ ውስጥ ደበቀችና ወደ መቃብሩ ወጣች። ቫይኬም እዚያው የራሷን ሟች ባል መቃብር ትጠርጋለች፤ ባልዲ ከጎኗ አለ። ሰው ሊያይ ስለሚችል ሰላም አልተባባሉም። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ አጥሩን ተሻገሩ።