ባቡሩ በቀየት በኩል ይዙር

«ልጄ፣ ባቡሩን ትንሽ ወደ ቀየት ጠጋ አድርግልን» አሉኝ ዛሬ ጠዋት፣ ከቀየት የመጡ አንድ መምሬ።

በምሠራበት መሐል ሜዳ መናኸሪያ፣ ትናንት የአውቶቡስ መስመሮችን ካርታ ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። ወደፊት ለሚመጣው ባቡርም በእርሳስ የነጠብጣብ መስመር አስምሬለታለሁ።

ሰው ይስቅብኛል ብዬ ስፈራ ነው ያደርኩት። (ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እየፈራሁ ነው የማድረው።)

«መምሬ፣ ገና እኮ ሥዕል ነው» አልኳቸው።

«ሥዕል ከሆነማ ምን ያስቸግርሃል?»

ላጲስ አውጥቼ ነጠብጣቡን በቀየት በኩል አዞርኩት።

ይሄን ያየ የዓለም ከተማ ልጅ የሆነ ሹፌር «እኛንስ ለማን ትተኸን ነው?» እያለ ከመኪናው ወረደ።

መናኸሪያው በሳቅ ተሞላ። በባቡሩ የሳቀ ግን አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም የሚፈልገው ፌርማታ ነው።

እናንተስ፣ ገና ያልመጣው ባቡር የት እንዲቆምላችሁ ትፈልጋላችሁ? ላጲሱ አሁንም እጄ ላይ ነው።